ዘር ከልጓም ይስባል፦ የፓሪሱ አርክ ውድድር እና ደጅ የቀሩት ሰንጋ ፈረሶች

ኦክቶበር 5 ቀን 2025 ፓሪስ፣ ሎንሻን ሜዳ ላይ ዳሪዝ የሚባል የሦስት ዓመት ድንጉላ ፈረስ ሚኒ ሃውክ የምትባለውን ባዝራ በአንድ ጭንቅላት ርዝመት ቀድሞ የፕሪ ደ ላርክ ደ ትሪዮምፍ፣ ባጭሩ የአርክ፣ አሸናፊ ሆነ። አሰልጣኙ ፍራንሲስ አንሪ ግራፋር ነው። ባለቤቱ የአጋ ካን ቤተሰብ ነው። ደስታው ልክ አልነበረውም። ግን የዚያው አሰልጣኝ፣ የዚያው ባለቤት የሆነ፣ ብዙ የዘርፉ ሰው ከዳሪዝ ይበልጣል ብሎ የሚያስበው ሌላ ፈረስ ቤቱ ቀርቶ ነበር። ስሙ ካላንዳጋን ነው። አልታመመም፣ አልደከመም። ጁላይ ላይ እንግሊዝ አገር አስኮት ሜዳ ኪንግ ጆርጅ የሚባለውን ትልቅ ውድድር አሸንፏል። ከአርክ ሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው አስኮት ተመልሶ ቻምፒዮን ስቴክስን ወሰደ። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ደግሞ ቶኪዮ ድረስ ሄዶ የጃፓን ካፕን አሸነፈ። አገሩ ውስጥ የሚደረገውን፣ የአውሮፓን ትልቁን ውድድር ግን መሮጥ አልተፈቀደለትም። ምክንያቱ አንድ ነው፤ የተኮላሸ ነው። ሰንጋ ነው።

ነገሩ መጀመሪያ ሲሰማ ቀልድ ይመስላል። የዓለም ምርጥ ፈረስ ማን እንደሆነ ልንለይ ነው ተብሎ ሰው ከየአገሩ ይጠራል፣ አምስት ሚሊዮን ዩሮ ይመደባል፣ ከዚያ ከምርጦቹ አንዱ በር ላይ ይመለሳል። እንዴት? መልሱ ያለው ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደን ይህ ውድድር ለምን እንደተፈጠረ ስናይ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከስሙ እንጀምር፤ የውድድሩ ሳይሆን የአዘጋጁ ማኅበር ስም። በ1833 ፓሪስ ውስጥ የተቋቋመው ማኅበር ራሱን የጠራው በግምት "በፈረንሳይ የፈረስ ዝርያን ለማሻሻል የሚያበረታታ ማኅበር" ብሎ ነው። ልብ በሉ፣ የስፖርት ማኅበር አላለም፣ የመዝናኛ ክበብም አላለም። የእርባታ ማኅበር ነው። ሎንሻንን በ1857 ቡሎኝ ጫካ ዳር የከፈተው ይኸው ማኅበር ነው፤ በመክፈቻው ቀን ሳልሳዊ ናፖሊዮን እና እቴጌ ኡዤኒ በሴን ወንዝ በጀልባ መጥተው ታድመዋል። ለነዚህ ሰዎች እሽቅድምድም ፈተና ነበር። ፈተናውን ያለፈ ድንጉላ የነገው ትውልድ አባት ይሆናል፣ ያላለፈው ይቀራል። የተኮላሸ ፈረስ ልጅ ስለማይወልድ ፈተናው አይመለከተውም። በቃ፣ ሎጂኩ ይኸው ነው።

አርክ የመጣው በኋላ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት የፈረንሳይን እርባታ ክፉኛ ጎድቶት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ማኅበሩ የሦስት ዓመቶቹን ወጣቶች ከታላላቆቻቸው ጋር የሚያገናኝ፣ ለውጭ አገር ፈረሶችም ክፍት የሆነ፣ 2400 ሜትር ውድድር አዘጋጀ። በጁላይ 1919 የአሸናፊዎቹ አገሮች ጦር በድል ሰልፍ ያለፈበትን የፓሪስ ሐውልት፣ የአርክ ደ ትሪዮምፍን፣ ስም ሰጠው። የመጀመሪያው ውድድር ኦክቶበር 3 ቀን 1920 ተካሄደ፤ ሽልማቱ 150,000 ፍራንክ። አሸናፊው ማን ሆነ? ኮምሬድ፣ ከእንግሊዝ የመጣ። ድግሱን ፈረንሳይ ደገሰች፣ እንግሊዝ በላችው።

ያኔ አርክ እንደዛሬው የዓለም ትልቁ ነገር አልነበረም። ትልቅ የሆነው ቀስ ብሎ ነው፤ በተለይ በ1949 ከብሔራዊው ሎተሪ ጋር ተያይዞ የሽልማቱ ገንዘብ በአንዴ ሲያብጥ የውጭዎቹ ባለፈረሶች ዓይናቸውን ጣሉበት። ከዚያ በኋላ የመጣውን ስም ዝርዝር የዘርፉ ሰው በቃሉ ነው የሚያውቀው። ጣሊያናዊው ሪቦ በ1955 እና በ1956 ሁለቴ አሸነፈ፤ በሕይወቱ 16 ጊዜ ሮጦ 16 ጊዜ አሸንፏል (ያራባው ፌዴሪኮ ቴሲዮ ግን በ1954 ስለሞተ ይህን ሁሉ አላየም፤ ያሳዝናል)። በ1965 ሲ በርድ ጠንካራ ተፎካካሪዎቹን በስድስት ፈረስ ርዝመት ጥሏቸው ገባ።

ሜዳውን ሳይገልጹ ማለፍ አይቻልም። ሎንሻን ጠፍጣፋ አይደለም። ከመነሻው በኋላ ፈረሶቹ ዳገት ይወጣሉ፤ ከፍታው አሥር ሜትር ይጠጋል። ከዚያ ቁልቁል ወደ ቀኝ እየታጠፉ ይወርዳሉ። ከዚያ "ሐሰተኛው ቀጥታ" የሚሉት ቦታ ይመጣል፤ የመጨረሻው መስመር የሚመስል ግን ያልሆነ። እዚያ የተቻኮለ ጋላቢ ፈረሱን አሟጦ እውነተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ባዶ እጁን ይቀራል። ከዚያ በኋላ ገና 500 ሜትር ከምናምን አለ። ፍጥነት ብቻ ያለው ፈረስ ዳገቱ ላይ ያልቃል፣ ጉልበት ብቻ ያለው መጨረሻ ላይ ይቀደማል፣ ጠባዩ የሚረበሽ ደግሞ እስከ 20 በሚደርሱ ፈረሶች ግፊያ መካከል ይጠፋል። ለዚህ ነው አራቢዎች የሚወዱት። ሁሉንም ባሕርይ በአንድ ቀን ይፈትሻል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አሸናፊው የሚወስደው ወደ 2.86 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ከ2008 ጀምሮ ስፖንሰሯ ኳታር ነች፣ ሽልማቱንም ወደዚህ ከፍታ ያመጣችው እሷ ነች። ብዙ ብር ነው፤ ግን ለድንጉላ ፈረስ ይህ ቀብድ ነው። ዋናው ገቢ የሚመጣው ከማስጠቂያ ዋጋ ነው። ቶሮብሬድ በሚባለው የእሽቅድምድም ዝርያ ውስጥ ሰው ሠራሽ ማዳቀል ክልክል ነው፤ ባዝራዋ ድንጉላው ያለበት ድረስ ተጭና ትመጣለች። አንድ ታዋቂ ድንጉላ በአንድ ወቅት ከመቶ በላይ ባዝራ ሊያጠቃ ይችላል። ለአንዷ 50,000 ዩሮ ቢከፈል እና መቶ ባዝራ ቢመጣ፣ አምስት ሚሊዮን ዩሮ ነው። በየዓመቱ። ለአሥር፣ ለአሥራ አምስት ዓመት። አሁን ባለቤቶቹ የሦስት ዓመት ፈረስ አንዴ አሸንፎ ገና ሳይጠገብ ለምን ወደ እርባታ እንደሚሸኙት ይገባችኋል። ቢሰበርስ? ቢሸነፍስ?

ይህ ነገር አንድ እንግዳ ውጤት አስከትሏል። ከ2008 እስከ 2025 ከተደረጉት 18 ውድድሮች አሥሩን ያሸነፉት ሴቶች ናቸው። ዛርካቫ፣ ዴንድሪም፣ ሶሌሚያ፣ ትሬቭ ሁለቴ፣ ፋውንድ፣ ኢኔብል ሁለቴ፣ አልፒኒስታ፣ ብሉስቶኪንግ። ሴቶች በሚሸከሙት ክብደት 1.5 ኪሎ ቅናሽ አላቸው፤ የሦስት ዓመት ወንድ 56.5 ኪሎ ሲሸከም ሴቷ 55፣ ትልቁ ወንድ 59.5 ሲሸከም ትልቋ 58። ይህ ይረዳል፣ ግን ቅናሹ ድሮም ነበር። በኔ እምነት ዋናው ነገር ሌላ ነው። ባዝራ በዓመት የምትወልደው አንድ ውርንጭላ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ጡረታ ማውጣቱ እንደ ወንዱ አያጣድፍም። ጥሩዋ ባዝራ አራትም አምስትም ዓመቷ ድረስ ትሮጣለች፣ የእኩያዋ ምርጥ ወንድ ግን ያኔ ሳር እየጋጠ ልጆቹን ይጠብቃል። አርክ ለአባቶች የተሠራ ፈተና ሆኖ ሳለ አባቶቹ ቶሎ እየሄዱ ለእናቶቹ ለቀቁት።

እናቶች ካልን ደግሞ የኧርባን ሲን ታሪክ መዝለል ነውር ነው። በ1993 አርክን ስታሸንፍ 37 ለ 1 ነበር ግምቷ፤ ማለትም ማንም አልቆጠራትም። ሰዉ "እድል ነው" ብሎ አለፋት። ከዚያ ወደ እርባታ ሄደች። ጋሊሊዮን ወለደች፤ ጋሊሊዮ የ2001ን የእንግሊዝ ደርቢ አሸንፎ በኋላ የዘመኑ ታላቅ አስጠቂ ድንጉላ ሆነ። ከዚያ ሲ ዘ ስታርስን ወለደች፤ እሱ ደግሞ በ2009 እናቱ ያሸነፈችውን አርክ ራሱ አሸነፈ። በ2016 ውድድሩ ሎንሻን እየታደሰ ስለነበር ሻንቲዪ ላይ ሲደረግ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የወጡት ሦስቱም የጋሊሊዮ ልጆች ነበሩ፤ ሦስቱም የአንድ አሰልጣኝ፣ የኤይደን ኦብራየን። የ2019 አሸናፊ ዋልድጋይስት የጋሊሊዮ ልጅ። የኢኔብል አባት ናትናኤል የጋሊሊዮ ልጅ። አልፒኒስታ የጋሊሊዮ የልጅ ልጅ፤ ኤስ ኢምፓክት ደግሞ አንድ ትውልድ ወርዶ። በ2025 ያሸነፈው ዳሪዝ? አባቱ ሲ ዘ ስታርስ ነው፤ ኧርባን ሲ አያቱ ነች። ዘር ከልጓም ይስባል የሚለው ተረት ለዚህ ሜዳ የተተረተ ነው የሚመስለው።

ሁሌ ግን አይስብም። ዴንድሪም በሁለት ዓመቷ በ9,000 ዩሮ ነው የተሸጠችው፤ በዚህ ንግድ ውስጥ ይህ የሳንቲም ያህል ነው። በ2011 አርክን በ2 ደቂቃ ከ24.49 ሰከንድ ሪከርድ ጨረሰች። ትሬቭን ደግሞ በጨረታ የሚያነሳት ጠፍቶ አራቢዎቿ ራሳቸው በ22,000 ዩሮ መልሰው ይዘዋት ተመለሱ። በ2013 እና በ2014 አሸነፈች። ዘር ቆጣሪዎቹ ስለነዚህ ሁለቱ ሲጠየቁ ትንሽ ያጉረመርማሉ።

ዘር ምን ያህል እንደሚያስጎመጅ ከጦርነቱ ዘመን በላይ የሚያሳይ የለም። በ1939 እና በ1940 አርክ አልተካሄደም። ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲይዙ ከሥዕሉና ከወይኑ ጋር ፈረሱንም ዘረፉ። የሮትሺልድ ቤተሰብ የነበረውን የ1934 አሸናፊ ብራንቶምን ወሰዱ። የአራቢውን የማርሴል ቡሳክን ሳይሸነፍ የቆየ ፈረስ ፋሪስን ወደ ጀርመን ማራቢያ ጫኑት። የቡሳክ ባዝራ ኮሪዳ፣ የ1936 እና የ1937 አሸናፊ፣ በ1944 ኖርማንዲ ውስጥ ጦርነቱ ሲፋፋም የገባችበት ጠፋ፤ እስከ ዛሬ። ያኔም ግን ውድድሩ ከ1941 ጀምሮ ቀጥሎ ነበር። ኤፕሪል 1943 ሎንሻን ላይ እሽቅድምድም በሚደረግበት ቀን የአሜሪካ አውሮፕላኖች በአቅራቢያው ያለውን የሬኖ ፋብሪካ ሲደበድቡ ቦምብ ሜዳው ላይ ወድቆ ሰው ሞተ። የ1943 እና የ1944 አርክ ወደ ለ ትራምብሌ ሜዳ የተዛወረው በዚያ ዘመን ነው። ከተማው በወራሪ እጅ ሆኖ የፈረስ ውድድር ማድረግ ዛሬ ይገርማል፤ ለአራቢው ግን አንድ ዓመት ያልተፈተነ ትውልድ ማለት የጠፋ ትውልድ ማለት ነው።

ከዚያ ደግሞ ጃፓን አለች። እንደሷ አርክን የሚመኝ አገር የለም። ከ1969 ጀምሮ ሞክራለች፤ እስከ 2025 ድረስ አላሸነፈችም። አራት ጊዜ ሁለተኛ ወጥታለች፤ ኤል ኮንዶር ፓሳ በ1999፣ ናካያማ ፌስታ በ2010፣ ኦርፌቭር በ2012 እና በ2013። የ2012ቱ ያስለቅሳል፤ ኦርፌቭር ሁሉንም ጥሎ ወጥቶ፣ አለቀ ሲባል፣ መስመሩ አጠገብ ሶሌሚያ ደርሳ በአንገት ቀደመችው። በ2006 ዲፕ ኢምፓክት ሲመጣ ሎንሻን የሄዱት ጃፓኖች ቁጥር ስፍር አልነበረው፣ ብራቸውን ሁሉ እሱ ላይ ስላፈሰሱ የውርርዱ ሂሳብ ራሱ ተዛባ። ሦስተኛ ወጣ፤ በኋላም በተገኘበት የተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ውጤቱ ተሰረዘ።

የሚገርመው ግን ጃፓን አሸናፊዎቹን በገንዘቧ ስትገዛ ኖራለች። የ1986ቱ ዳንሲንግ ብሬቭ፣ የ1988ቱ ቶኒ ቢን፣ የ1995ቱ ላምታራ፣ የ1996ቱ ኤሊሲዮ፣ የ2004ቱ ባጎ፣ የ2010ሩ ወርክፎርስ፤ ሁሉም ከሩጫ በኋላ ወደ ጃፓን ማራቢያ ተወስደዋል። ቶኒ ቢን እዚያ በ1994 የአገሪቱ ቀዳሚ ድንጉላ እስከ መሆን ደረሰ። ደሙን ገዙት፣ ዋንጫው ግን አልመጣም። ጃፓን ውስጥ ሜዳው ጠንካራና ፈጣን ነው፤ ሎንሻን በኦክቶበር ዝናብ ጭቃ ይሆናል። ለአንዱ የተመረጠ ዘር ለሌላው ላይሆን ይችላል።

ወደ ሰንጋው ጉዳይ እንመለስ። ክርክሩ የጋለው በ2024 ነው። ጎልያድ የሚባል ሰንጋ፣ እሱም የግራፋር፣ ማንም ሳይጠብቀው ኪንግ ጆርጅን በ25 ለ 1 አሸነፈ። ከባለቤቶቹ አንዱ አሜሪካዊው ጆን ስቱዋርት አርክ በሩን ይክፈት ብሎ በግልጽ መወትወት ጀመረ። በዓመቱ ካላንዳጋን ያንኑ ውድድር ደገመው። ሁለት ዓመት በተከታታይ፣ የአውሮፓን የበጋ ትልቅ ውድድር ያሸነፈ ፈረስ፣ ፈረንሳይ ውስጥ የሚሠለጥን ፈረስ፣ በፈረንሳይ ትልቁ ቀን ቤቱ ዋለ። ኪንግ ጆርጅ ይቀበላል፣ የጃፓን ካፕ ይቀበላል፣ የአሜሪካው ብሪደርስ ካፕ ይቀበላል፣ የአውስትራሊያው ሜልበርን ካፕ ይቀበላል። አርክ በ2025ም አልተቀበለም።

የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ ባዶ አይደለም። አርክ ለዘር የቆመ የመጨረሻው ትልቅ ውድድር ነው ይላሉ፤ ሰንጋ ለእርባታ ስለማይወጣ እስከ ሰባት ስምንት ዓመቱ ድረስ እየተመላለሰ ገንዘቡንና ክብሩን ከወጣቶቹ ይነጥቃል፣ የድንጉሎቹ ዋጋም ይወርዳል። የመጀመሪያውን እረዳዋለሁ። ሁለተኛው ግን አይዋጥልኝም። ድንጉላ ፈረስ ካላንዳጋንን በሌለበት "አሸነፈ" ከሚባል፣ ፊት ለፊት ገጥሞት ቢያሸንፍ ዋጋው አይጨምርም? ፈተናው ከባድ በሆነ ቁጥር ውጤቱ ይታመናል። ጥሩው ፈረስ ከፈተናው ሲቀር የሚያጣው እሱ ብቻ አይደለም፣ ያሸነፈው ፈረስም ምን ያህል እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል። ዳሪዝ ኦክቶበር ላይ የሚገባውን ክብር አግኝቷል፤ ግን "ካላንዳጋን ቢኖርስ?" የሚለው ጥያቄ ይከተለዋል፣ ይህ ለማራቢያው ገበያ ጥሩ ወሬ አይደለም።

ደግሞ ሰንጋ ስለ ዘር ምንም አይናገርም ያለው ማነው? ድንጉላ ፈረስ የሚኮላሸው አብዛኛውን ጊዜ ጠባዩ ስላስቸገረ ወይም ትኩረቱ ሥራው ላይ አልሆን ስላለ ነው፤ ሩጫው ስላልተገኘበት አይደለም። ሲያሸንፍ ደግሞ የእናቱ ዋጋ ይጨምራል፣ የእህቶቹም፣ የአባቱም። የካላንዳጋንን ዘር ተመልከቱ፤ አባቱ ግሌንኢግልስ፣ የግሌንኢግልስ አባት ጋሊሊዮ፣ የጋሊሊዮ እናት ኧርባን ሲ። በር ላይ የተመለሰው ፈረስ የ1993ቷ አሸናፊ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። አርክ የራሱን ደም ነው ያላስገባው።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ለሦስት ዓመቶቹ ብቻ የተዘጋጁት ውድድሮች፣ እንደ ደርቢ ያሉት፣ ለድንጉላና ለባዝራ ብቻ ይቆዩ፤ የወጣት አባት መምረጫ ቦታው እዚያ ነው። አርክ ግን ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ ትውልዶችን ማገናኛ ነው፣ ስለዚህ አራት ዓመት ለሞላው ሰንጋ ይከፈት። የ1833ቱ ማኅበር ሥራ በ1995 ወደተቋቋመው ፍራንስ ጋሎ ተላልፏል፣ ደንቡን መለወጥም የሱ ፋንታ ነው፤ ብቻውን ግን አይወስንም፣ የአውሮፓን ታላላቅ ውድድሮች ደረጃ የሚያወጣው ኮሚቴም ድምፅ አለው። አራቢዎቹ ደግሞ እዚያም እዚህም ወንበር ስላላቸው ነገሩ የገንዘብም የስሜትም ጉዳይ ሆኖ ይጎተታል። ካላንዳጋን በ2021 ነው የተወለደው፤ ወደ እርባታ የሚጠራው የለም፣ ስለዚህ ደህና ከሆነ ገና ብዙ ይሮጣል።